የብስክሌት መመሪያ አንባቢዋ የእማማ ገጽ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊታችን አድርገን የምንሰናበታቸው እናታችን በመዝገብ ላይ ሌላ ስም ቢኖራቸውም፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው «እማማ ገጽ» በሚለው ስማቸው ስለሆነና እሳቸውም በዚሁ መጠራትን ይወዱ ስለነበር፣ እኛም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

እማማ ገጽ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከሰባ ስድስት ዓመት በፊት ተወለዱ። ያደጉባት ባለ አንድ ክፍል ቤት ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ስለነበር፣ ፊደል የቆጠሩት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው አስቀድሞ ከዚያው ግድግዳ ላይ ነው። በመኝታቸው በኩል ያለው ጋዜጣ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ በመሆኑም፣ አንገታቸውን ማጣመም ሲሰለቻቸው የተገለበጠውን ጽሑፍ እንዳለ ማንበብ ለመዱ። እናታቸው «ይህች ልጅ ዓለምን በግልባጩ ነው የምታየው» እያሉ ይስቁ እንደነበር ይነገራል።

ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው፣ የባሕር ማዶ ቋንቋም አጥርተው ካወቁ በኋላ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ ይደረደር ስለነበር፣ ሌላው አራሚ ወረቀቱ ታትሞ እስኪወጣ ሲጠብቅ፣ እማማ ገጽ ግን ከድርድሩ ላይ በግልባጩ አንብበው ስህተቱን ይነቅሱ ነበርና፣ ፊደል ለቃሚዎቹ «እሷ ስትመጣ እርሳሱም ይደነግጣል» ይባባሉ ነበር። በዚሁ ሥራ ሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግለው በክብር ጡረታ ወጥተዋል።

ወደ ሥራ የሚመላለሱት በብስክሌት ነበር። በሃያ አምስት ዓመታቸው አንድ ጠዋት ሰንሰለቱ ተበጥሶባቸው፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ወደነበረች ጠባብ የመጠገኛ ሱቅ ብስክሌታቸውን እየገፉ ገቡ። የሱቋ ባለቤት ጎማው ሲዞር ድምፁን ሰምተው ብቻ ብልሽቱን ስለሚያውቁ «ጋሽ ጆሮ» ይባሉ ነበር። ጋሽ ጆሮ ማንበብ አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ከአዲስ ብስክሌት ጋር ከፋብሪካ የሚመጣውን የጥገና መመሪያ ከየደንበኛው እየለመኑ በመሳቢያ ያከማቹ ነበርና፣ ሥዕሉን እያዩ ይሠሩ ነበር። እማማ ገጽ ሰንሰለታቸው እስኪቀጠል አንዱን መመሪያ አንስተው፣ ወደ ቋንቋችን እየመለሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቢያነቡላቸው፣ ጋሽ ጆሮ መፍቻቸውን አስቀምጠው «እስቲ ይድገሙልኝ፤ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በጉልበት ሳወጣው ኖሬያለሁ» አሏቸው።

ከዚያን ቀን ወዲያ ከሥራ መልስ ወደ ሱቋ ጎራ እያሉ ማንበብ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ውሎ አድሮ ፍቅር ሆነ። እናታቸው ጋሽ ጆሮን «ልጄን የፈለግሃት ለትዳር ነው ወይስ ለአንባቢነት?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «እርስዎ ከፈቀዱ ለሁለቱም» ብለው መለሱ፤ እናትም ስቀው ፈቀዱ።

በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳራቸው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በመሳቢያው ከነበሩት ስድሳ አንድ መመሪያዎችም ስድሳውን፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያነበቡ፣ ጋሽ ጆሮ ኩሽኔታ በዘይት እያጠቡ እየሰሙ፣ አንድ ባንድ ጨረሷቸው። የመጨረሻው፣ ማርሹ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተደበቀበትን ብስክሌት የሚያስረዳ ወፍራም መመሪያ ነበር። ስምንተኛው ገጽ ላይ አታሚው በባሕር ማዶው ቋንቋ አንዲት ፊደል በመሳቱ፣ «ዘይት ቀቡት» መባል የነበረበት «ዘይት ጠጡ» የሚል ሆኖ ስለተገኘ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ገጽ ሃያ ሦስት ሲደርሱ ደንበኛ መጣና «የቀረውን ነገ» ብለው ዘጉት። በማግስቱ ቀትር ላይ ጋሽ ጆሮ ጎማ ሲነፉ ልባቸው ቆመና በአርባ አራት ዓመታቸው ተለዩን።

እዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት። ሱቋ ለሌላ ተከራይ እንድትለቀቅ በታዘዘ ጊዜ ዕቃውን ያወጣው የጋሽ ጆሮ ታናሽ ወንድም፣ ይኸውም ይህን ጽሑፍ በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ሰው ነው። ክፋት አስቦ ሳይሆን ሐዘን አደናግሮት፣ ስድሳ አንዱን መመሪያ ከውዳቂ ወረቀት ጋር ለወረቀት ሰብሳቢ አስረከበ። እማማ ገጽ ይህን ሲሰሙ አልጮሁም፤ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጥተው፣ ሚስማርና ሳሙና በአሮጌ ወረቀት እየጠቀለሉ የሚሸጡትን ባለሱቆች አንድ በአንድ ዞሩ። በሁለት ወር ውስጥ የሰባት መመሪያዎች ቁርጥራጭ ቢያገኙም፣ ያ ወፍራሙ ግን አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ከባላቸው ወንድም ጋር ስድስት ዓመት ቃል ሳይለዋወጡ፣ በራስ ሰላምታ ብቻ ኖሩ።

ወንድሙ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። በስድስተኛው ዓመት፣ በሩቅ ከተማ ብሎን ሲገዛ የተጠቀለለበትን ወረቀት ቢያየው የብስክሌት ፍሬን ሥዕል ሆኖ አገኘው፤ እንዳይጨማደድ በመንጃ ፈቃዱ መሐል አድርጎ አመጣና፣ በራቸው ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። እማማ ገጽ ወረቀቱን ሳይሆን እሱን አዩትና፣ በስድስት ዓመት የመጀመሪያ ቃላቸውን ተናገሩ፦ «ገጹ ስንት ነው?» አሉት። ወዲያው በዚያው ሰዓት ታርቀው ምሳ አብረው በሉ። ይህችኑ ጥያቄ አሮጌ ወረቀት ለያዘ ሰው ሁሉ ያቀርቡ ስለነበርም፣ የሰፈሩ ልጆች «እማማ ገጽ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ ከየከተማው እያመጣ፣ እሳቸው እየለዩ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት የብስክሌት መመሪያዎች ሰበሰቡ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የጠፋ መመሪያ ሲመጣላቸው፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ የስፌቱን ሽቦና በገጹ ግርጌ የተቀመጠውን ደቃቅ የአታሚ ምልክት በአጉሊ መነጽር መርምረው፣ የየትኛው ፋብሪካ፣ የስንት ዓመት ሥራ፣ ለየትኛው ብስክሌት እንደተዘጋጀ በካርድ ላይ ይጽፉ ነበር። የጎማ መንፊያ ሥዕል ብቻ ያለባትን አንዲት ቅጠል ከባሕር ማዶ ልከው ለጠየቋቸው ሰው፣ በሦስት ሳምንት ከነዓመተ ምሕረቱ መልሰውላቸዋል። ሰዎች «ብስክሌት መንዳት ከተዉ ሃያ ዓመት፤ ይህ ሁሉ ለምንዎ ነው?» ሲሏቸው ፈገግ ብለው ወደ ካርዳቸው ይመለሱ ነበር። ቤተሰቡ ግን ምን እንደሚፈልጉ ያውቅ ነበር።

በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ሾፌሩ ካመጣው አንድ ካርቶን ውስጥ ሽፋን የሌለው ወፍራም መመሪያ ወጣ። ስምንተኛውን ገጽ ገልጠው «ዘይት ጠጡ» የሚለውን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። በማግስቱ የድሮዋን ሱቅ ወደ ያዘው መስታወት ቆራጭ ሄደው፣ ጥቂት እንዲቀመጡ ፈቃድ ጠየቁ። የቀረውን ከገጽ ሃያ አራት ጀምረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። መስታወት ቆራጩ፣ ማን እንደሚሰማቸው ባያውቅም፣ መቁረጫውን አስቀምጦ ቆመ። የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች የመለዋወጫ ቁጥር ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ቁጥሮቹንም አንድ ሳያስቀሩ አነበቡና፣ «ይኸው ነበር የቀረን» ብለው ተነሡ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ደክሞ፣ የኩላሊት ሕመምም ተጨምሮባቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ልጃቸው በትዕግሥት እያስታመመቻቸው ሳለ፣ ስብስቡ ለሙያ ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ተናዘዙ፤ «በቅባት እጅ ቢነኩት አይከፋኝም፤ ቆልፈው ካስቀመጡት ግን እቀየማቸዋለሁ» ብለዋል። ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ መስኮቱ እንዲከፈትላቸው ጠይቀው፣ የመንገዱን ድምፅ እየሰሙ በሰላም ዐረፉ።

እማማ ገጽ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችና የበደላቸውን ይቅር ያሉትን አንድ የባል ወንድም ትተው አልፈዋል። ሠላሳ ሰባት ዓመት የናፈቁትን የሚያውቅ ፈጣሪ፣ ነፍሳቸውን ናፍቆት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው፣ ከእንግዲህ እሳቸውን ለምንናፍቀው፣ መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።