ከፊት የቆመችው

«እማዬ፣ ከሥራ ሌላ ምን ትችይ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ ልጄ አንድ ጊዜ፣ ድስት ስፈገፍግ። «መዝፈን» ብላት ሳቋን ማቆም አቃታት። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ምስክር የለኝ!... ቀስ አድርገሽ አበጥሪው እንጂ፣ ጸጉር ቤትሽ የመጣሁት ልላጭ አይደለም፤ የቀረኝ ጸጉር ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው።

ማክሰኞ የት እንደዋልኩ ነግሬሻለሁ? ከድንቢጥ ጋር ነዋ፣ ክር ፋብሪካ አብራኝ ከሠራችው። የሙዚቃ ቤተ መዘክሩ ማክሰኞ ማክሰኞ በነፃ ነው ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዘን በአውቶቡስ ሄድን። ዘበኛው «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ቢለን፣ ድንቢጥ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁለቱንም እንቁላል ዋጠችና «ይኸው፣ አሁን በእጃችን የለም» አለችው። የኔንም ጭምር!

ውስጡ ደስ ሲል! ጥሩምባው፣ ጥርሱ የረገፈ ፒያኖ፣ ሁሉም ላይ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ። መጨረሻው ክፍል ስንደርስ የፋብሪካችን የሙዚቃ ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። ከፊት ማን ብትቆም ጥሩ ነው? ስም አልጠራም፣ ሐሜት ኃጢአት ነው። በየሳምንቱ እዚሁ ወንበር ላይ የምትቀመጥልሽ... አቤት ውበት! አፏ ደግሞ አከፋፈቱ! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የሷ ተከፍቶም ትንፍሽ አይልም ነበር... ጨዋ ናት ማለቴ ነው።

ከሥሩ ማዳመጫ አለ፣ «ብቸኛ ድምፃዊት» ተብሎም ስሟ ተጽፏል። የቤተ መዘክሩ ሰዎች ፎቶውን ይዘው ቤቷ ድረስ ሄደው «ዘፋኟ እርስዎ ነዎት?» ብለው ጠየቋት አሉ። ሰው ማሳፈር መቼ ትወዳለች? «አዎ» አለቻ! ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እሷ ግን በረከት አላት፣ በሚያውቋት አገር ተነጠፈላት።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁት። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዘፋኟ ድንገት «እሽሽ... እሽሽ የኔ ሆድ» ትልና ትቀጥላለች። በቀረጻው ቀን እኔ ልጄን አዝዬ፣ «አንቺ ለፎቶ አትሆኚም» ተብዬ፣ ከክሩ ክምር ኋላ ቆሜ ነበር የዘፈንኩት። ልጄ ጥርስ እያወጣች ስለነበር ታለቅስብኛለች። ያቺ ከፊት የቆመችው ግን ያኔ ያላገባች ልጃገረድ ነበረች... ታዲያ ማንን ስታባብል ነበር? እኔ አልጠይቅም፣ የሰው ገመና ነው። ድንቢጥ «ኧረ ያንቺ ድምፅ ነው!» ብላ ብትጮህ ያው ዘበኛ መጥቶ ዝም አሰኛት።

«ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። አንቺ ደግሞ ያን ጎፈሬ በየሳምንቱ ስታበጥሪ እጅሽ አይዝልም?

ቅዳሜ እዚያው ቤተ መዘክሩ ሊሸልሟት ነው አሉ፤ አበባ፣ ሰርተፍኬት፣ ጭብጨባ። ልጄም ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር ተጋብዛለች። ማክሰኞ ማታ ስመለስ «እማዬ፣ አብረሽኝ ነይ፣ እውነተኛ ዘፋኝ እንድታይ» አለችኝ... ምን ልበላት? እኔ ነበርኩ ብላት መልሳ ልትስቅብኝ?

በማግሥቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ የቤተ መዘክሩ በር ሳይከፈት ሄጄ ቆምኩ። ኃላፊው ቁልፉን እያንቃጨለ መጣ። እኔ ሰው ከስሼ አላውቅም፣ አሁንም አልከሰስኩም። «ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ማዳመጫ ውስጥ ታፍኖ ይቅር? ቅዳሜ ከሽልማቱ በፊት ያንኑ ዘፈን ቆማ ትዝፈንልን እንጂ። ያለ ማጀቢያ፣ ብቻዋን» አልኩት። «እንዴት ይህን ሳላስበው ቀረሁ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝና እዚያው ፕሮግራሙ ላይ ጻፈው። አንደኛ ተራ ላይ። እሷን ድንገት ደስ ለማሰኘት ብሎ እስከ ሰዓቱ አይነግራትም... አንቺም አፍሽ ቢያመልጥሽ ምን ቸገረኝ? ትለማመድበታለች።

ቅዳሜ ጠዋት አንቺ ጋ ትመጣለች አይደል? አሳምረሽ ሥሪያት እንግዲህ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እሷ ላይ ነው። ከኔም ሰላም በያት። አምላክ ዕድሜ ይስጣት፣ ጉሮሮዋን ይጠብቅላት፤ የገዛ ድምፅዋን ሳያሰማን አይውሰዳት!