ልኩን የሚያውቅ ፓምፕ

— ሄሎ? … ማን ልበል? … ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? የባሕር ማዶ ቁጥር ሳይ ግራ ገባኝ። ቆይ አንዴ… ብየዳውን አቁሙልኝ፣ ወንድሜ ነው፣ ከኤግዚቢሽኑ። … እሺ፣ አሁን ትሰማኛለህ?

— ደኅና ነን። አባባም ደኅና ነው፣ ወርክሾፑ በር ላይ ተቀምጦ ቧንቧ ይወለውላል። አንተ ብቻ ንገረኝ፣ ፓምፓችንን አዩት?

— ገና ማብሪያው ሲነካ ተነሣ? … አንጀቴን አራስከው። አባባ፣ ፓምፓችን ከእነዚያ ስመ ጥር ማሽኖች ጎን ቆሞ አላሳፈረንም ይልሃል። … ሊስቅ ነው፣ ግን አያሳይም፣ ታውቀው የለ።

— ስንት? … ቀስ በል፣ ድገመው። … አንድ አስመጪ ሁለት መቶ ፓምፕ ጠየቀ። ከውጭ የመጣ ማሽን ስንፈታና ስንገጥም የኖርን ሰዎች፣ እኛ ደግሞ በመርከብ ልንልክ። ከዛሬ ጀምሮ አፌን ሞልቼ ነው የማወራው፣ ቅር ያለው ቅር ይበለው።

— ግን ምን? … ይኸው መጣች፣ ያቺ «ግን»።

— ምኑን አውጡልን አለ? ተንሳፋፊውን? … እ… ውሃው ዝቅ ሲል ፓምፑ በራሱ ስለሚቆም ገበሬው አይገዛኝም አለ አስመጪው። … ካወጣነው ነገ ይፈርማል?

— ቆይ፣ የደመወዝ ደብተሩን ልይ። … አየሁት።

— አይወጣም። … አይወጣም አልኩህ። አውቃለሁ፣ ሁለት መቶ ነው። ይኼ ትዕዛዝ ከቀረ ሁለት ሠራተኛ ማሰናበቴ ነው፣ እነሱም ጆሯቸውን ቀስረው እያዩኝ ነው። ቢሆንም አይወጣም።

— አንተ ትንሽ ነበርክ። ያ ከውጭ የገባው ቀይ ፓምፕ ቀን ከሌት ሲስብ አባባ ሰፈሩን እየጠራ ያሳይ ነበር። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ጉድ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ… በሦስተኛው ዓመት የኛም የጎረቤትም ጉድጓድ ጭቃ መትፋት ጀመረ። ማሽኑ ምንም አልሆነ፣ ያለቀው ውሃው ነው። አባባ ያኔ ነው ጀሪካን በገመድ አስሮ ጉድጓድ ውስጥ የለቀቀው፣ ከውሃው ጋር ሲወርድ ማጥፊያውን እንዲጎትት። ሰው ሳቀበት። የኛ ፓምፕ እኮ ያ ጀሪካን ነው። ሌላው ብረት ነው፣ ብረት ማንም ይሠራል።

— ምን አልክ አባባ? … «አትከራከሩ፣ አሳዩዋቸው» ይላል። በርሜል አለ እዚያ? … ውሃ ሙላው፣ ቧንቧውንና ተንሳፋፊውን ክተት፣ አስነሣና ዝም በል። ላንተ ከባድ ነው፣ ግን ሞክር። ስልኩን አትዝጋው።

— … ይሰማኛል። እየሳበ ነው። … ዝም በሉ እናንተ።

— … ቆመ። አባባ፣ ቆመ።

— ተበላሸ ወይ ብሎ ማን ጠየቀ? … ከአስመጪው ጋር የመጡት ሽማግሌ ገበሬ? … ውሃው ሲመለስ ይነሣል በላቸው። ጨምርበትና ራሳቸው ይዩት። … ተነሣ? … ምን አሉ?

— … ጉድጓዳቸው ከደረቀ አራት ዓመቱ? … ወይ ጉድ። አስመጪውስ?

— እንዳለ ይሁን አለ? ከነተንሳፋፊው? … ሃምሳ ለጊዜው። ሃምሳ ይበቃናል፣ የሚሰናበት የለም። … ሰማችሁ? የሚሰናበት የለም።

— እ? ሽማግሌው ምን ይላሉ? … ይኼን ያሰበው ሰው የት ነው የተማረው ይላሉ? … የደረቀ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው በላቸው። አባቴ ነው በላቸው። ገበሬ ነው፣ እንደሳቸው።

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ተቋረጠ።

— አባባ፣ ምነው ፊትህን አዞርክ? … እሺ፣ አላየሁም። በሉ፣ ብየዳውን አብሩት።