የቀበቶው ርክክብ

ቡራዩ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ሬስሊንግ ያሳያል። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ የሻምፒዮናውን ቀበቶ ማን ከማን እንደወሰደው፣ የአባት የአያቶቻቸውን ስም እንደሚቆጥሩ ሁሉ ሳይሳሳቱ ይዘረዝሩልኛል። አፌ አላርፍ ብሎ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ የምር አይደለም። ማን እንደሚያሸንፍ ተነጋግረው ነው የሚገቡት» አልኳቸው።

ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ገላመጠኝ። ምን አስቀባጠረኝ ብዬ ራሴን ስረግም ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ ዞሩ።

«እና የሚሸነፈው ጊዜው ማለቁን አውቆ ነው ቀበቶውን የሚለቀው?»

«አዎ።»

«እንደ ገዳ፣ ተራውን ጨርሶ ያስረክባል?»

«እንደዛ በሉት።»

አሸናፊው ቀበቶውን ከፍ አድርጎ ይጨፍራል፤ ተሸናፊው ወገቡን ይዞ ብቻውን ይወጣል። ኦቦ ቶሎሳ ከወንበራቸው ተነስተው ለተሸናፊው አጨበጨቡ።