ለገባው ሁሉ የሚነሱት አባት

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በሚሄደው ሚኒባስ፣ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት ከፊታቸው ያለች ሴትዮ ዞር ብላ አወራቻቸው።

«አባባ፣ ያለ ደጋፊ ዘለው ገቡ እኮ!»

«አምና ብታይኝ፣ ሴት ልጄ ብብቴን ይዛ ነበር ከመደብ የምታነሳኝ።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

«ሐኪሙ ‹ጡንቻዎ እየሟሸሸ ነው፤ እጅዎን ሳያስደግፉ ቁጭ ብድግ ይበሉ› አለኝ።»

«በዚህ ዕድሜ፣ ሰው ፊት አያፍሩም?»

«ማን ያውቅብኛል? ለቅሶ ቤት እሄድና ለገባው ሁሉ እነሳለሁ።»

«ለሁሉም?»

«ለሕፃን ሳይቀር። አንድ ቀንማ በግ ገብታ ተነሳሁላት።»

«ሰው ምን አለ?»

«‹እንዲህ ያለ ትሑት አላየንም› ብለው የእድር ዳኛ አደረጉኝ።»

«ባለቤትዎስ?»

«እሷማ አከበረኝ ብላ፣ ሥራ እየፈጠረች ስትወጣ ስትገባ ትውላለች።»

ሞላሌ መግቢያ ላይ ልወርድ ስል እንዳልፍ ብድግ አሉልኝ፤ እኔም «ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ» ማለቱን ተውኩት።