ጠጋኙ ያጠፋቸው አራት መልእክቶች

የስፌት መኪና ጠጋኙ ሱቅ ጠባብ ናት። ከፊት ባንኮ፣ ከኋላ መደርደሪያ፣ በመሃል አንድ በርጩማ። በርጩማው የራሱ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ ይናገራል። ይህን ያደረገው ቦታ አጥቶ ብቻ አይደለም። ሰው ሲቀመጥ ወሬው ይረዝማል፤ ወሬ ሲረዝም ደግሞ የተማረው ሁሉ የተማረበትን ማውራት ይጀምራል፤ እሱ ያን መስማት አይወድም። ከስድስተኛ ክፍል የወጣው ሰንፎ ሳይሆን አባቱ ታመውበት ነው፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ለብዙ ሰው ተናግሯል። ሰፈሩ «ጋሽ ዘይት» ይለዋል፤ የመጣለትን መኪና ሁሉ ከፍቶ መጀመሪያ የሚለው «ዘይት አላየም» ስለሆነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ አንዲት ወጣት በላስቲክ የተጠቀለለ መኪና አቅፋ ዘው አለች። የሚስቱ የእህት ልጅ ናት። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ቤታቸው የመጣችው ሁለቴ ብቻ ነው። ጠጋኙ ይህን ቆጥሮ ይዞታል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«መንገድ ጠፍቶሽ ነው ወይስ ዝናቡ ነው ያስገባሽ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ዝናቡ ነው። የእማዬ መኪና አልዞር ብሎ ከታች ወዳለው ጠጋኝ እየወሰድኩት ነበር።»

«ከታች ወዳለው። የእህቷ ባል እዚህ ተቀምጦ።»

«ይቆጣኛል ብላ ፈርታዎት ነው።»

ጠጋኙ መኪናውን ተቀብሎ የጎኑን ሽፋን ፈታ። ከሽፋኑ በስተውስጥ ራሱ የለጠፋት ትንሽ ወረቀት አለች፤ መኪናው ዘይት የሚጨመርበት ቀን ተጽፎባታል። የተጻፈው ቀን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወረቀቷን ልጦ ባንኮው ላይ አስቀመጣት።

«ይኸውልሽ፤ በእጄ ጽፌ የሰጠኋት።»

«ይሰፋላት ስለነበር እኮ ነው። ደህና ነው ብላ ነው።»

«ደህና ነው ብላ። መኪና እስኪቆም ድረስ ይሰፋል፤ ውስጡ እየተበላም ይሰፋል። ሲቆም ነው ሰው ወደኔ የሚሮጠው።»

«ቢያስታውሷት ኖሮ…»

«ወረቀቷ ምንድን ናት ታዲያ? በየቤቱ እየዞርኩ በር ላንኳኳ? መኪናው የሷ፣ ዓይኑ የሷ፣ እጁ የሷ።»

ጠጋኙ በደረቁት መገጣጠሚያዎች ላይ ነጭ ጋዝ እያንጠባጠበ ቆየና፣ ሌላ ቁርሾ ትዝ አለው።

«ይልቅስ ካገኘሁሽ አይቀር፣ ለነዚያ ለመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ንገሪልኝ። በኔ መቀለዳቸውን ይተዉ።»

«ማን ቀለደብዎት?»

«‹የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚያደርጉበት ጊዜ ስለደረሰ ወደ ጤና ጣቢያችን ይምጡ።› እንዲህ እያሉ በስልኬ ይልኩልኛል። ለኔ። ጢሜን እያየሽ።»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ፊቱን አይታ ዋጠችው። ጠጋኙ ቀጠለ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሆዱን አሞት እዚያው ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ በቅጹ ላይ የራሱ ስም በሚጻፍበት ቦታ የአባቱን ስም ጻፈ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ቅጹን አየና «አባት፣ ማንበብ የሚችል ሰው ይዘው ይምጡ» አለው። ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ።

«ማንበብ እችላለሁ። የሳትኩት አንድ መስመር ነው። ስልክ ቁጥሬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እነሱ ዘንድ አለ። አሁን ደግሞ ማኅፀን አለህ ይሉኛል።»

«መልእክቶቹን ምን አደረጓቸው?»

«አጠፋኋቸው። አራቱንም። በየስድስት ወሩ ይልካሉ፤ እኔም በየስድስት ወሩ አጠፋለሁ።»

ልጅቷ እጇን ባንኮው ላይ አሳረፈች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ የማንንም የሕክምና ማኅደር ውጪ አላወራም፤ የዘመድም ቢሆን። ግን ራስዎን ይጠይቁ። የርስዎን ስልክ ቁጥር ‹በዚህ ጥሩኝ› ብሎ ሌላ ሰው ሰጥቶት ያውቃል?»

ጠጋኙ የጋዙን ጣሳ አስቀመጠ። የዛሬ አምስት ዓመት ሚስቱ ስልኳ ተሰብሮ ነበር። ሆቴል ቤት ውስጥ ልብስ በመተኮስ ነው የምትሠራው፤ ያን ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሆነው አንድ ላይ ለምርመራ ሄደው ነበር። ማታ ስትመጣ ምን እንዳለችው ቃል በቃል ትዝ አለው፦ «ደህና ነሽ ብለውኛል። ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሺ፣ እናስታውስሻለን አሉኝ፤ ያንተን ቁጥር ሰጠኋቸው።»

ሰው ጥፋቱ ሲገለጥለት ወዲያው ይመለሳል ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ፣ ሰው አያውቅም። ጠጋኙም በመመለስ ፈንታ ክርክር ገባ።

«እሺ፣ የሷ ነው እንበል። ምን ጎደለባት? ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሠራለች። አንድ ቀን አመመኝ አላለችም። ያላመመውን ሰው በሽታ ፍለጋ ማስተኛት ምን ይሉታል? እናንተ ተማርን የምትሉ ሰዎች በሽታ ካላገኛችሁ የሠራችሁ አይመስላችሁም።»

«ስላላመማት እኮ ነው ጊዜው። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሰው ሳያውቀው ከሚይዘው ቫይረስ ነው። በብዙዎቹ ሴቶች ላይ በራሱ ይጠፋል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ይቀመጥና የማኅፀኑን በር ቀስ እያለ ይለውጠዋል፤ ዓመታት ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አያምም። ሲያምና ሲያደማ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ምርመራው የሚፈልገው ገና ካንሰር ያልሆነውን፣ በቀላሉ የሚነሣውን ነው።»

«ቫይረስ አልሽ። ከማን አመጣችው ልትይኝ ነው?»

«አለባት አላልኩም። ቢኖርም ከሃያ ዓመት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል። ከርስዎም ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ሲይዝዎት ማን ሰጠኝ ብለው ይካሰሳሉ?»

ጠጋኙ ይህን ጥያቄ ዘሎ አለፈው። «ነውርስ? እዚያ አልጋ ላይ ወጥቶ መገላለጥ ቀላል ነው?»

«ቀላል አይደለም። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ሴት መርማሪ ከፈለገች ትጠይቃለች፣ መጋረጃ አለ። ካልተመቻት ‹ቁሚ› ማለት መብቷ ነው። ነውሩን ከሕመሙ ጋር ያመዛዝኑት።»

«እሺ። ይህን ያህል ከባድ ነገር ከሆነ ለምን በስሟ አልጠሯትም? ለምን ሰው ወደ ቤት አልላኩም? አራት መልእክት ልኮ መቀመጥ ሥራ ነው?»

ልጅቷ ባንኮው ላይ የነበረችውን ወረቀት በአንድ ጣቷ ወደሱ አዙራ ገፋች። ጠጋኙ የራሱን ጽሕፈት አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ ዝናቡን አየ፤ ዝናቡ ግን ቆሞ ነበር።

«ስም የማንጽፈው ምስጢር እንዲጠበቅ ነው፤» አለች ልጅቷ ቆይታ። «ቁጥሩ የማን እንደሆነ ደውለን አለማጣራታችን ግን የኛ ጥፋት ነው፤ ሄጄ እናገራለሁ። ያ ጸሐፊ ያለዎትም ነውር ነው፤ አልከላከልለትም። ግን ጋሼ፣ የሰደበው እርስዎን ነው። መዘዙ ወደ አክስቴ ለምን ይዙር?»

የተማረ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ጠጋኙ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ አንገቱን ያስደፋው ይህ ነው። መኪናውን ዘይት አጠጥቶ፣ አዲስ ወረቀት ለጥፎ ሲሰጣት «ለእናትሽ አልተቆጣም በያት» ብቻ አለ።

ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ጀንበር ገና አልጠለቀችም ነበር። በእንፋሎት ያበጠ እጇን እያሻሸች ገብታ ጠረጴዛውን አየችና ቆመች።

«ሻይ አፍልተሃል። ማን ሞተ?»

«ማንም። ተቀመጪ።»

ነገራት። ሳያሳጥር ነገራት፤ ጸሐፊውንም፣ ሳቁንም፣ መልእክቶቹንም። እሷ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ሳትጠጣ ሰማችው።

«ስንት ጊዜ አልክ?»

«አራት።»

«አንድ መርፌ ቢጠፋህ ቤቱን ሁሉ ታተራምሳለህ። ይህን ግን አንድ ቀን ‹ምንድን ነው› ብለህ አላሳየኸኝም።»

«የሚስቁብኝ መስሎኝ ነው።»

«አንተ ላይ የሚስቅ ሰው ባይኖር ሠርተህ ታቆመዋለህ።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ለአንተ የአንድ ቀን ሳቅ ነው። ለኔ ሁለት ዓመት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደሆንኩ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

ጠጋኙ ብርጭቆውን መልሶ ወደሷ ገፋ አደረገላት። በኋላ እሷው ተናገረች።

«ጥፋቱን ሁሉ ግን አንተ አትውሰደው፤ የኔን ድርሻ ተውልኝ። ሦስት ዓመት ብለውኛል። መቁጠር አያቅተኝም፤ የሆቴሉን አንሶላ በየቀኑ እቆጥራለሁ፣ አንዷ ስትጎድል አውቃለሁ። አልጠሩኝም ማለት ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩት፤ ያን አልጋ ስለማልወደው።»

«እንሂድ ታዲያ።»

«እኔ እሄዳለሁ። አንተ ከፈለግህ ትከተላለህ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ሄዱ። መዝገብ ቤቱ ያው፣ ጸሐፊውም ያው ነበር፤ ፀጉሩ ሸብቶ መነጽር አድርጓል። ጠጋኙ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው የሚለውን ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ በልቡ እያሳመረው፣ አንዳንዴም ብቻውን እየተናገረው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው፤ አላወቀውም። ሰው በአንድ ቃል ሌላውን ሲያቆስል እንዲህ ነው፤ ተናጋሪው ለምሳ ሲነሣ ረስቶታል፣ የተነገረው ግን ይዞት ያረጃል።

«አባት፣ ወንበር አለ፤ ይቀመጡ» አለ ጸሐፊው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ስልክ ቁጥር?» አለ።

የራሷን ቁጥር ነገረችው።

«እዚህ የተመዘገበው ሌላ ነው።»

«ያጥፉት» አለ ጠጋኙ ከወንበሩ።

ካዘጋጀው ንግግር ሁሉ የወጣው ይህ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ገብታ ቆየች። ይቆያል ከተባለው በላይ ቆየች። ጠጋኙ በግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ሦስቴ አነበበው፤ የተጻፈው ሁሉ ልጅቷ የነገረችው ነው፤ ከዚህ በፊት መጥቶ እንዳያነብ ማንም አልከለከለውም ነበር። በመጨረሻ የእህቷ ልጅ ከክፍሉ ወጥታ መጣች።

«አክስቴ ንገሪው ስላለችኝ ነው የምነግርዎት። ለውጥ ተገኝቷል። ካንሰር አይደለም። ለዓመታት ቢተው ግን ሊሆን ይችል ነበር። አሁኑኑ ይነሣል፤ አሁን እየታከመች ነው። እዚህ ማደርም፣ ቀዶ ሕክምናም የለውም። ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።»

ጠጋኙ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ዘንድሮም ባጠፋው ኖሮስ?»

«እሱን አላውቅም፤» አለች ልጅቷ። «ማንም አያውቅም። ለዚህ ነው ሰው በቀኑ የሚመጣው።»

ሚስቱ ወጣች፤ ትንሽ ቁርጠት እንዳላት፣ ለጥቂት ሳምንታት ጥንቃቄ እንደታዘዘላት፣ ከዓመት በኋላ እንደምትመለስ ነገረችው። ቀኑ ሳይደርስ ያልተለመደ ደም ብታይ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣ ተነግሯታል። ቤት እንደገቡ ከሱ የመለጠፊያ ወረቀቶች አንዷን ጠየቀችው፤ ሊጽፍላት ብዕር ሲያነሣ ተቀበለችውና የመመለሻ ቀኗን ራሷ ጻፈች፣ በቁም ሣጥኑ መዝጊያ ውስጥም ለጠፈችው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያው ሴት ስትመዘገብ «ይህ ቁጥር የራስሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። የሆቴሉ ልብስ ተኳሾች ቀናቸውን እያስታወሱ ተራ በተራ ሄዱ፤ አብዛኞቹ ደህና ናችሁ ተብለው ቀለል ብሏቸው ተመለሱ። የልጅቷ እናት መኪናዋን ሳይቆም በፊት ራሷ ይዛ መጣች፤ ጠጋኙም አልተቆጣም፤ ቁጣው ሰውን ከጥገና እንደሚያሸሽ ገብቶታል። እንዲያውም ባንኮው ፊት ለፊት ሁለተኛ በርጩማ ተቀምጧል። የተማሩት እየተቀመጡ ያወራሉ፤ አልወደደውም፤ ግን ይሰማል። ሚስቱ ደግሞ ጤናዋን ለጸሐፊም፣ ለባልም፣ ለስልክም አደራ መስጠት ትታለች። የሚያስታውስ ቢኖር መልካም፤ ባይኖርም ቀኑን ታውቀዋለች።

ዓመቱ ሲሞላ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ስልኳ ጮኸ። ከፍታ አነበበችና ፈገግ አለች።

«ማን ነው?»

«ጤና ጣቢያው። ጊዜሽ ደርሷል፣ ነይ ይላል።»

ሄዳ ከተመለሰች፣ ምንም የለብሽም ከተባለችም ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጠጋኙ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው እስቲ፣ ላጥፋልሽ።»

«ሞክራት» አለችና ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ ሥራዋ ሄደች።