ሙቀጫውን የተቀበሉኝ አባት

እኔ ስሠራ በሩን ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አልወድም። አሰላ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በትንሽ ሙቀጫ እየፈጨሁ ሳለ፣ ከጢቾ የመጡ አንድ አባት መድኃኒት ቤቱ መስሏቸው ዘው አሉ። የልጃቸውን የጫልቱን ማዘዣ ይዘዋል። ሳየው፣ ያው እኔ የምፈጨው መድኃኒት ነው!

«በርቺ ልጄ። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ይሄ መድኃኒት ብቻውን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ አባባ። ከሌላ ነገር ጋር ስፈጨው ግን ተያይዘው አዲስ ክሪስታል፣ እንደ ጨው ያለ ቅንጣት፣ ይሆናሉ፤ ያኔ ቶሎ ይሟሟል፤ ሰውነት ውስጥም የተሻለ ይሠራል።»

«ለጫልቱ መቼ ይደርሳል?»

መዋሸት አቃተኝ። «ይሄ አዲሱ ገና ሙከራ ላይ ነው፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ለእሷ ላይደርስም ይችላል።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው እጃቸውን ወደ ሙቀጫው ዘረጉ።

«እኛ አገር የሚሠራ ሰው አይተን ሳናግዝ አናልፍም። ለጫልቱ ባይደርስ ለሌላ ሰው ልጅ ይደርሳል። አምጪው።»

ደንባችን ሌላ ሰው አያስነካም። በዚያች ሰዓት ግን እንዴት እምቢ ልበላቸው? ጓንት አጠለቅኩላቸው። የታመመ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ ቀስ ብለው ፈጩ።

መዝገቡ ላይ «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኔና የጫልቱ አባት።»