ያፌት አምስት ዓመት የሞላው ጠዋት

(በአንድ ኮንዶሚኒየም ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠዋት። ፍቺያቸው ፍርድ ቤት ያለ፣ ግን እስካሁን አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ ዳግማዊና ማስተዋል፣ ለዛሬው ችሎት ለብሰው ተፋጠዋል፤ ልጃቸው ያፌት መኝታ ቤት ተኝቷል።)

ዳግማዊ፦ የዚህ ቤት ነዋሪዎች ሆይ፣ ስሙ! ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ፣ ማለትም ከማይደፈረው ይዞታዬ፣ ግማሽ ሎሚ ማንነቱ ባልታወቀ ግለሰብ ተጨምቆ ቅርፊቱ ብቻ መገኘቱን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ማስተዋል፦ ግለሰቧ እኔ ነኝ። ሌሊት ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ተነሣሁ። ሂድና ክሰሰኝ።

ዳግማዊ፦ በመክሰስ ማን ይቀድምሻል!

ማስተዋል፦ ድምፅህን ቀንስ፣ ልጁ ይነሣል።

ዳግማዊ፦ ይነሣ። ዛሬ ልደቱ ነው። አምስት ዓመት ሞላው።

ማስተዋል፦ መጣች! አምስት! አንድ ዓመት ሙሉ በምላስህ ስታገላብጣት የኖርካት ቃል። እስኪ ድገማት፣ ደስ ይበልህ።

ዳግማዊ፦ አምስት።

ማስተዋል፦ ክሱን የከፈትኩ ቀን እዚሁ በር ላይ ቆመህ ምን ነበር ያልከኝ? «ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ የእናቱ ነው፣ ከዚያ በኋላ የአባቱ። ሕግ ነው!» ጣትህን እንዲህ ቀስረህ።

ዳግማዊ፦ ጣቴን አልቀሰርኩም።

ማስተዋል፦ ቀስረሃል! ከዚያ አምስት እስኪሞላው ቀጠሮ ማራዘም ጀመርክ። መጀመሪያ «መጥሪያ አልደረሰኝም» አልክ። መጥሪያውን እኮ እዚሁ ቆመህ እንቁላል ስትጠብስ በእጄ ነው የሰጠሁህ!

ዳግማዊ፦ እጄ ዘይት ነበር። በወጉ አልተቀበልኩም።

ማስተዋል፦ ቀጥሎ «ሽማግሌ ይግባን» አልክ። ዳኛዋ እሺ ብትል፣ የመረጥከው ሽማግሌ ጅግጅጋ የሚኖረው አጎትህ ሆነ።

ዳግማዊ፦ የተከበረ ሰው ነው።

ማስተዋል፦ ስልክ እንኳ አያነሣም!

ዳግማዊ፦ የተከበረ ሰው ስልክ ቶሎ አያነሣም።

ማስተዋል፦ ከዚያ ጠበቃህ ታመመ። ከዚያ ምስክርህ ለቅሶ ሄደ። ከዚያ ጠበቃህ ደግሞ ታመመ። እንዲህ የሚታመም ሰው ጥብቅናውን ትቶ ጠበል ቢገባ አይሻለውም?

ዳግማዊ፦ ጨጓራ አለበት፣ ምን ያድርግ። ይልቅ ፔርሙዙ ውስጥ ዝንጅብል አለ። ለልጁ ነው ያፈላሁት።

ማስተዋል፦ ያፌት ዝንጅብል አፉ አያስገባም።

ዳግማዊ፦ እንግዲያው ይደፋ።

ማስተዋል፦ ወሬ አታስቀይረኝ! እኔ ሞኟ ደግሞ አመንኩህ። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር እንቅልፍ አጣሁ። የገዛ ልጄን ልደት ስፈራ ኖርኩ፣ ታውቃለህ? ሌላዋ እናት የልጇ ሱሪ ሲያጥር «አደገልኝ» ትላለች፤ እኔ የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ። ይህን ነው ያደረግህብኝ።

ዳግማዊ፦ አዲሱን ሱሪ እኮ እኔ ነኝ የገዛሁለት።

ማስተዋል፦ ማን ጠየቀህ! ትናንት ከምሠራበት ፋርማሲ ስወጣ በቀጥታ አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ ነገ አምስት ዓመት ይሞላዋል፣ ሊወስድብኝ ነው» ብላት ሳቀችብኝ። መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች! ያ የድሮው ሕግ ነው፣ ከተሻረ ስንት ጊዜው አለችኝ። ያሁኑ የልጁን ጥቅም ነው የሚያየው። ማን ጋ ቢያድግ ይሻለዋል፣ የማን ጤና፣ የማን ገቢ፣ የማን አኗኗር። አምስት ቢሞላው ለብቻው ለማንም አይፈርድም።

ዳግማዊ፦ ጎበዝ ጠበቃ ናት።

ማስተዋል፦ ገባህ የምልህ? ዓመት ሙሉ ከአየር ጋር ነው የተሟገትከው! እዚያ ሶፋ ላይ እግርህ ተንጠልጥሎ ያደርከው በከንቱ ነው! ቀያሽ ነኝ ብለህ ሳሎኑን በሜትር ለክተህ፣ ድንበር ብለህ ወለሉ ላይ ፕላስተር የለጠፍከው በከንቱ ነው!

ዳግማዊ፦ ፕላስተሩን ያፌት ወዶታል። መኪናውን ይነዳበታል።

ማስተዋል፦ ዛሬ ዳኛዋ ትወስናለች። እኔም ልጄን ይዤ ሐዋሳ እገባለሁ። የፋርማሲውን አዲስ ቅርንጫፍ ለእኔ ሰጥተውኛል፤ በዚህ ወር ካልሄድኩ ግን ለሌላ ነው። ይህን ደግሞ አልሰማህም ነበር!

ዳግማዊ፦ ሰምቻለሁ። ያፌት ነግሮኛል። ሐይቅ አሳይሃለሁ ብለሽዋል። ጉማሬ አለ ብለሽዋል።

ማስተዋል፦ አለ!

ዳግማዊ፦ ጉማሬውን በሕልሙ አይቶ እየሮጠ ሶፋው ጋ መጣ።

ማስተዋል፦ ውሸት። እኔ ጋ ነው ያደረው።

ዳግማዊ፦ ያመጣሁት እኔ ነኛ። ሶፋው ላይ ሳስተኛው «እማዬስ?» አለ። አንቺ ጎን ሳስተኛው «አንተስ?» አለ። በመጨረሻ «በሩን ክፈተው፣ ሁለታችሁንም ልይ» ብሎ ተኛ። አንቺ ታንኮራፊያለሽ።

ማስተዋል፦ አላንኮራፋም! ደግሞ ሆዴን አታባባ፤ ይህን ለዳኛዋ ንገራት። እኔ የምፈልገው ፊትህን ማየት ነው። ሕጉ ጥሎህ ሄዷል፣ አቶ ዳግማዊ። ይኸው ዛሬ ከእኔ አፍ ሰማህ። እንዴት ነው፣ መረረህ?

ዳግማዊ፦ አውቅ ነበር።

ማስተዋል፦ ምኑን?

ዳግማዊ፦ አምስት ዓመት የሚባል ነገር እንደሌለ። ጠበቃዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል። እሱም ስቋል።

ማስተዋል፦ ውሸታም!

ዳግማዊ፦ ደውይለት። ካልታመመ ያነሣል።

ማስተዋል፦ ቆይ፣ ቆይ። የመጀመሪያው ቀን ማለት መቼ ነው?

ዳግማዊ፦ ከእንቁላሉ በኋላ፣ ከአጎቴ በፊት።

ማስተዋል፦ እና ዝም አልክ! እኔ ልደቱን እየቆጠርኩ ስነድ፣ እዚያ ሶፋ ላይ ተጋድመህ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር! አንተ ሰው ነህ?

ዳግማዊ፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ማስተዋል፦ አልገባኝም። ልጁን በዕድሜው እንደማትወስደው ካወቅህ፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ ምንህ ነበር? ስምምነት ፈርመህ መውጣት ትችል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ታየው ነበር። የራስህን ቤት ተከራይተህ፣ የራስህ አልጋ ላይ እግርህን ዘርግተህ ትተኛ ነበር።

ዳግማዊ፦ ሻማዎቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። ኬኩን የማንም ባልሆነው መደርደሪያ ላይ አድርጌዋለሁ። ማታ ስንመለስ ለሦስት ይቆረሳል።

ማስተዋል፦ ማታ እኔ ሻንጣ ነው የማዘጋጀው!

ዳግማዊ፦ አታዘጋጂም።

ማስተዋል፦ ምን ማለትህ ነው? ችሎት ላይ ምን ልትል ነው?

ዳግማዊ፦ ቀጠሮ እጠይቃለሁ።

ማስተዋል፦ ዛሬም? ሥራው ያመልጠኛል እያልኩህ? ዳኛዋ እኮ «ለምን» ብላ ትጠይቅሃለች!

ዳግማዊ፦ ለዳኛዋ ጠበቃዬ ታሟል እላለሁ።

ማስተዋል፦ ለእኔስ? እኔ ስጠይቅህስ?

ዳግማዊ፦ ዝንጅብሉን ጠጪ፣ ለጉሮሮሽ ይሻላል፣ ሳይቀዘቅዝ።

ማስተዋል፦ ለልጁ ነው ያፈላሁት አላልክም? ዳግማዊ፣ ልጠይቅህ፣ ለምንድነው?

ዳግማዊ፦ አላብራራም።